በሰርተፍኬት የተገባበት ወጥ ቤት

ኧረ ወዲያ! ሥጋውን ከፌስታሉ ስታወጣው ገና ሽታው አፍንጫዋን አስያዛት። ነካ ስታደርገው ጣቷ ላይ ተዝለገለገ።

"ምን ያስፈጥጥሻል?" አላት ሼፉ። "በኮምጣጤ እጠቢና በርበሬ ጣል አድርጊበት፤ ሾርባ ይሆናል።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተበላሽቷል።"

"ማን ነገረሽ? ያ ሰርተፍኬትሽ?" ብሎ ሳቀባት። የቀመሰበትን ማንኪያ ላስ አድርጎ መልሶ ድስቱ ውስጥ ከተተው። ወይ ጉድ!

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ቢላት ነው ስድስት ወር የምግብ ዝግጅት የተማረችው። እናቷ "ሽንኩርት መላጥም በወረቀት ሆነ?" እያለች ስታሾፍባት ከርማለች። "እማ፣ በረዳትነት የሚያስገባኝ እሱ ነው፤ ከገባሁ በኋላ እየሠራሁ ቀጣዩን ደረጃ እማራለሁ" ብላ ስንቴ አስረድታታለች! ገባች፣ እውነት ነው። ግን እንዲህ ወደሚገማ ቤት? የተበላሸ ሥጋን መለየት ገና በመጀመሪያው ሳምንት የተማሩት ነገር ነው። የሙከራ ጊዜዋ ደግሞ የሚያልቀው ዛሬ ነው። "ትቀጠር" ብሎ የሚፈርመው ይኸው ማንኪያ ላሹ ሰውዬ ነው፤ ካልፈረመ እቤት ተመልሳ የእናቷን ፌዝ መስማት ነው።

ሥጋውን እንዳላት በኮምጣጤ አጠበችው። ሾርባው ወጣ። ሁለት ጠረጴዛ ላይ ተዳረሰ። ራሷን ተጸየፈች፣ ግን ሌላ ሳህን ሾርባ ቀዳች።

እሱን ካቀበለች በኋላ በማሳለፊያው መስኮት አሻግራ ስታይ እናቷ! የክት ልብሷን ለብሳ፣ ሳህኑ ፊቷ ቀርቦ፣ ለአስተናጋጁ ታወራለች።

"ልጄ እኮ ናት የሠራችው! በሰርተፍኬት ነው የገባችው!" ትላለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማላት።

ሼፉ "ወዴት ነው?" ብሎ ሲጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ እየሮጠች ወጣች። ማንኪያው እናቷ አፍ ሊደርስ ሲል ሳህኑንም ማንኪያውንም ነጠቀቻት።

"ምን ነካሽ አንቺ? ሰው ፊት!"

"አትብዪው እማ። ሥጋው ገምቷል።"

 አጠገባቸው ሁለት ልጆቹን ይዞ የተቀመጠ ሰውዬ ወደ ሳህናቸው አየ። ልጆቹ ጨርሰዋል።

"የእኛስ፣ እህቴ?" አላት።

በእጇ የያዘችውን ሳህንና የልጆቹን ባዶ ሳህኖች እያፈራረቀች አየች። እናቷም መልሷን እየጠበቀች ዓይን ዓይኗን ታያት ጀመር።