መጋጠሚያው የጠፋበት ስቴካ

በዛብህ የተሰበረ ስቴካ፣ ያንን የፑል መምቻ ዘንግ፣ ሲያይ ዓይኑ የሚያበራ ሰው ነው። ሌላው ሰው በዓለም ባንክ ሰፈር መንገድ ሲያልፍ ፎቁን ያያል፣ የታክሲውን ሰልፍ ያያል። እሱ ግን በየፑል ቤቱ በር ላይ ቆሞ መወልወያ የታሰረበትን፣ በር የተደገፈበትን፣ ለሁለት ተገምሶ ጥግ የተወረወረውን ስቴካ ያያል። «እሱን ትጥሉታላችሁ እንዴ?» ይላል። እየሳቁ ይሰጡታል። «ማገዶ ለቃሚው መጣ» ይሉታል፤ እሱ ምን ገዶት! ማገዶ ለቃሚ ብላው የማታውቀው ባለቤቱ እሙ ብቻ ናት። እሷ ማታ ሲገባ ከፀጉሩ ላይ ሰጋቱራውን እያራገፈች «ዛሬስ ምን አዋለድክ?» ብላ ትጠይቀዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፑል ተጫዋች ሲሸነፍ በስቴካው ላይ ይፈርዳል። ጥፋቱ የራሱ ሆኖ ሳለ ወለል ላይ የሚፈጠፈጠው እንጨቱ ነው። በዛብህ ታዲያ ስብርባሪውን ይሰበስብና ደህናውን ከታመመው ይለያል። ሲሚንቶ ላይ ጠብ ያደርገውና ጆሮውን ይሰጠዋል፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ የአንዱን ቂጥ ከሌላው ዘንግ ያጋባል። ወንዱን ያሾላል፣ ሴቴውን ይቦረቡራል፣ የእንጨቱን ጅማት ከጅማት ያስተያያል፣ ኮላ ቀብቶ በሲባጎ ጥፍር አድርጎ ያስራል። ሲደርቅ ቶርኖ በሚሉት እንጨት ማሽከርከሪያ ላይ ያስተካክለዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፣ ቫርኒሽ ይቀባዋል። «ያን ሁሉ ዓመት በሰው ላብ የታሸ እንጨት ከእንግዲህ ወዴት ይጣመማል?» ይላል። እውነቱን ነው፤ የእሱ ስቴካ ተጣመመ ሲባል የሰማ የለም።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ከሀምዱ ፑል ቤት ጀርባ በተቀጠለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ሀምዱ የቤቱን ስቴካዎች ጠግንልኝ ብሎ ነው ክፍሏን የለቀቀለት፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በሰላም ኖሩ።

አንድ ጊዜ የበዛብህ እጅ ተባረከ። ሲያጠራቅም ከኖረው ስብርባሪ ምርጥ ምርጡን ለቅሞ አንድ ስቴካ ሠራ። ምን ዓይነት ስቴካ! በመዳፉ ሲያመዛዝነው እሱም ራሱ ደነገጠ። ለሀምዱ ቤት ተጫዋቾች እንዳይሰጥ «የማን ነው? የበዛብህ? ቅጥልጥል!» ብለው እንደሚያሽሟጥጡ ያውቃል። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ይባል የለ? ስለዚህ ስሙንም ምልክቱንም ሳያኖርበት ጦር ኃይሎች ሰፈር ላለ አንድ ነጋዴ አስረከበ። ነጋዴው ዚፕ ባለው ጥቁር ቦርሳ ከተተውና «ከውጭ የገባ» ብሎ ሰቀለው።

ማን ቢገዛው ጥሩ ነው? ሞቲ! የሀምዱ ቤት ኮከብ፣ ሰፈሩ የሚምልበት ልጅ። ሞቲ ቦርሳውን ሲከፍት ቤቱ በሙሉ ከበበው። በዛብህ ገና የስቴካውን ቂጥ ሲያይ እንደ ልጁ ለየው።

«ጋሽ በዛብህ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ እርስዎ እንጨት ያውቃሉ» አለ ሞቲ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰውየውን ሰይጣን ያሳሳተው። ቢናገር ምን ነበረበት? ግን ቀልዱ ምላሱን በላው። ስቴካውን አገላበጠ፣ ባንድ ዓይኑ አነጣጠረበት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያም «ኧረ ተወኝ! ይሄማ የእኛ አገር እጅ አይደለም» አለ። ወደ ቆርቆሮ ክፍሉ ገብቶም ሆዱን ይዞ ብቻውን ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ያን ቀን አላሰበውም።

ሞቲ በዚያ ስቴካ ያልረታው ሰው የለም። ከዘነበወርቅ ሰፈር ድረስ እየመጡ ተሸንፈው ሄዱ። «እንጨት ማለት እንዲህ ነው! ፈረንጅ እኮ ሲሠራ አይቀልድም» ይባላል። በዛብህ ከጥጉ ሆኖ ይሰማል። መጀመሪያ ደስ ይለው ነበር፤ እየቆየ ግን ሙገሳው ይቆጠቁጠው ጀመር። የእኔ ነው እንዳይል ምን ብሎ? አፉን ራሱ ዘግቶታል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሀምዱ በሰው ፊት ጠራው።

«በዛብህ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። ክፍሏን እፈልጋታለሁ።»

«ምን ልታደርጋት?»

«አፍርሼ ሌላ ጠረጴዛ ላስገባ ነው። ቤቱን ላዘምነው። ከእንግዲህ እንደ ሞቲ ያለውን ስቴካ አስመጣለሁ፤ ጥገና በቃ።»

በዛብህ ዞሮ ወደ ቆርቆሮ ክፍሉ አየ። ቶርኖውን ወዴት ይወስደዋል? የተከራያት ቤት አከራይ የሬዲዮ ድምፅ እንኳ አትወድም። እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅ፣ ሌላ ሥራም አያምረው። ያለዚያች ክፍል በዛብህ የሚባል ሰው የለም፤ መንገድ ላይ እንጨት የሚለቅም ሽማግሌ ብቻ ነው የሚቀረው።

«የሞቲን ስቴካ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ጋሽ በዛብህ፣» አለ ሞቲ እንባውን እየጠረገ፣ «የእኛ አገር እጅ አይደለም ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ቀልዴን ነበራ!»

«ነጋዴውም ከውጭ የገባ ነው ይላል፤ አሁንስ ቀልድዎን እንዳልሆነ በምን እንወቅ?»

«ቅጥል ነዋ! ከብዙ ስብርባሪ የተሠራ ነው። መጋጠሚያ አለው።»

«እሺ አሳየና!» አለ ሀምዱ።

ስቴካው መብራት ስር ተጋደመ። የስልክ መብራቶች በሩ፤ ሞቲ በጥፍሩ ከላይ እስከ ታች ፈተሸው፤ ምንም የለም። በዛብህም ጎንበስ ብሎ አየ። እሱም ምንም አላየ። ጅማቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወንዝ ሆኖ ይወርዳል። ብቻ እጁ ያስታውሳል፤ ከመያዣው ከፍ ብሎ፣ እዚህ ጋ።

«መጋዝ ካልገባበት አይታይም፤ ሲቆረጥ ወንዱ በሴቴው ውስጥ ክብ ሆኖ ይወጣል» አለ።

እንግዲህ የፑል ቤት ወግ ይታወቃል። ሰው ፊት የተጣለ ውርርድ አይነሳም፤ የሚያፈገፍግ ዓመት ሙሉ ይዘፈንበታል። ተመልካቹ ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመረ። ሀምዱ ፈረደ፦ በዛብህ አንድ ጊዜ ብቻ ይቁረጥ። መጋጠሚያው ከታየ ክፍሏ የእሱ ናት፣ ማንም አይነካበትም። ካልታየ ክፍሏን ይለቃል፣ ለሞቲም ልክ እንደዚህ ያለ ስቴካ ይተካለታል። ሞቲ ስቴካውን ዳሰስ አድርጎ «ይሁን» አለ፤ ቅጥል ይዞ ሲኩራራ ኖረ ከሚባል ተቆርጦ ቢለይለት መረጠ።

በዛብህ መጋዙን አመጣ። ስቴካውን ጭኑ ላይ አስተኛው። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የበለጠውን በገዛ እጁ ሊያርደው ነው። «አንተም ልቀቀኝ፣ እኔም ልልቀቅህ» አለው በሆዱ፤ ቆረጠው።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የተቆረጠው ፊት ንጹሕ ነው። አንድ እንጨት፣ አንድ ቀለም፣ የክር ያህል እንኳ መስመር የለበትም። ጥንቅቅ ያለ ወጥ እንጨት!

«አላልኩም?» ብሎ ጮኸ ሞቲ፤ ጮኾም ስቴካውን አይቶ ሊያለቅስ ቃጣው።

«ትንሽ ከፍ ብዬ ልድገመው፣ ጣት ያህል ነው የሳትኩት» አለ በዛብህ።

«እንደ ቃሪያ ልትከትፈው ነው?» አለ ሀምዱ። «አንድ ጊዜ ተባብለናል፣ በቃ።»

በዛብህ ሁለቱን ቁራጭ ታቅፎ ቆመ። አፈረ፤ እንዲህ ያፈረበት ቀን የለም። ግን ከሃፍረቱ ሥር ሌላ ነገር ይንፈራገጣል። መጋጠሚያውን እሱ ራሱ ሊያገኘው አልቻለም። እንዲህ አድርጎ ያጋጠመ ማን አለ? እልል ሊል አማረው፤ ማን ያጅበው!

ሲወጣ ሀምዱ በር ድረስ ሸኘው። ክፉ ሰው አይደለም። ትከሻውን ያዝ አድርጎ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረው።

«ስማኝ በዛብህ። አንተ በሙያው ሰው ታውቃለህ። ይሄን የሠራውን ሰውዬ አፈላልገህ ብታመጣልኝ፣ ፈረንጅም ይሁን ሐበሻ፣ አላህ ምስክሬ ነው ክፍሏን አላፈርስም፤ ለእሱ እለቅለታለሁ። ቡናና ምሳውም በእኔ።»

«አፈላልጋለሁ» አለ በዛብህ። ሌላ ምን ይበል?

ቤት ሲደርስ እሙ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሁሉንም ነገራት። ሀምዱን ረገመችለት፣ ሞቲን ረገመችለት፣ ተመልካቹን በጅምላ ረገመችለት። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቁራጮቹን ተቀበለችው። በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠቻቸው፣ በአውራ ጣቷ ደባበሰቻቸው።

«ታዲያ እዚሁ ሌላ ቦታ ቁረጠውና እንየዋ፤ መጋዝህ ያውልህ» አለች።

በዛብህ መጋዙን አነሳ። ጥርሱን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። አልሳበውም። መጋጠሚያው ሁለተኛም ባይወጣስ? መልሶ ግድግዳው ሥር አስቀመጠው።

እሙ አየችው። ሰው ለመጉዳት ብላ አይደለም፤ የገባት እየመሰላት፣ ለስለስ ብላ ነው የጠየቀችው።

«እውነት ግን በዛብህ፣ አንተ ነህ የሠራኸው?»

በዛብህ ቁራጩን አየው፣ በጥፍሩ እንደገና ከላይ ወደ ታች ወረደበት።

«ይመስለኛል» አለ።