ሴቲንጉ ውስጥ የቀረ የእናት ስልክ ቁጥር

ሴትየዋን ጎረቤቶቿ ከኋላዋ «ወየው» ይሏታል። ፊት ለፊትማ «እትዬ» ነች። ስሙ በግፍ የወጣላት አይደለም። በር ከተንኳኳ ፖሊስ ነው፤ ሳይንኳኳ ከዋለ ደግሞ ሰው ሁሉ አልቋል። ጥርሷን ባመማት ቁጥር የምትናዘዝበት ወረቀት ትፈልጋለች። አንዲት ፕሮግራመር ልጅ አለቻት። ስለ ልጇ ሥራ ወየው የምታውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው ወገቡ መበላሸቱ እንደማይቀር፣ ልጇ የምትሠራበት ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ደግሞ ስሙ ዘንዶ ማለት እንደሆነ። ይህን የሰማች ዕለት እራት አልበላችም።

ልጅቱ በተቀጠረችበት ትንሽ ድርጅት የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። የተሰጣት ሥራ የአንድ ክሊኒክ ድረ ገጽ ነው። ታካሚው ቀጠሮ ይይዛል፤ አንድ ቀን ሲቀረው ድረ ገጹ በስልክ መልእክት ያስታውሰዋል። ለሙከራ ተብሎ እውነተኛ ሰው አይረበሽም። ስለዚህ ልጅቱ አንድ ቀን ሳሎን ተቀምጣ፣ ድረ ገጹ ትእዛዙን የሚያነብበትን የሴቲንግ ፋይል ከፈተችና በሙከራ ላይ እስካለ ድረስ መልእክቱ በሙሉ ወደ አንድ ስልክ እንዲሄድ አደረገች። ስልኩ የእናቷ ነው።

«ለምን የኔን?» አለች ወየው።

«መልእክት በገባ በሁለት ሴኮንድ የሚያነብ ሰው ካንቺ ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

«የማንን በሽታ ነው የምትልኪብኝ?»

«እማ፣ ውሸት ነው አልኩሽ እኮ! ታካሚዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። አንብቢና ዝም በይ። እንዳትደነግጪ፣ እንዳትደውዪ።»

በማግስቱ «ውድ አቶ ካልሲ፣ ነገ የጉሮሮ ምርመራ አለዎት» የሚል ገባ። ከዚያ ወይዘሮ ማንኪያ ለእርግዝና ክትትል ተጠራች። ወየው ሁሉንም በካሬ ደብተር መመዝገብ ጀመረች፤ ያልተመዘገበ ነገር መጨረሻው አያምርም።

«ወይዘሮ ማንኪያ እንዴት ሆነች?» ብላ ጠየቀች በሳምንቱ።

«አጠፋኋት።»

«ነፍሰ ጡሯን?!»

ሥራው የሚያልቅበት ቀን ደረሰ። ልጅቱ ሸሚዟን እየተኮሰች ነገሩን ለእናቷ አስረዳች። ዛሬ የክሊኒኩ ባለቤት ድረ ገጹን ታያለች። ከወደደችው የሁለት ዓመት ውል ትፈርማለች፣ ልጅቱም ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልወደደችው አለቃዋ ሻንጣሽን ያዢ ይላታል። አለቃዋን በቢሮ «ሊቁ» ይሉታል፤ ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል፣ የሌላ ሰው ጥያቄ ግን አይሰማም። ድረ ገጹን ሰርቨር በሚባለው የክሊኒኩ ኮምፒውተር ላይ አውጥቶ በእውነተኞቹ ታካሚዎች ሥራ የሚያስጀምረው እሱ ራሱ ነው። «ሰርቨር ማለት ለኔ ምን አላት!» ብሏል አሉ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የወየው ስልክ «ጢን» አለ። ወዲያው ደግሞ ጢን። ከዚያ ጢን ጢን ጢን እያለ ጠረጴዛው ላይ ይሽከረከር ጀመር። እጇን አጥባ፣ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች።

«የካርድ ቁጥር 4417፣ ነገ ጠዋት 2፡00 የዓይን ቀዶ ሕክምና አለዎት። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምግብ አይውሰዱ።»

አንድ በአንድ ጻፈች። ስትጨርስ ቆጠረች፤ ስድሳ አንድ። አቶ ካልሲ የለም። ማንኪያም የለችም፤ እሷስ ቀድሞውኑ ጠፍታለች። ሁሉም የካርድ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ዓይን፣ ኩላሊት፣ የሕፃን ክትባት ነው። ልጇ ሰው ስትፈጥር ትቀልዳለች እንጂ እንዲህ አትጨነቅም። እነዚህ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ መልእክታቸው ደግሞ እነሱ ጋ ሳይሆን እሷ ጋ ነው!

ደወለች፤ የልጅቱ ስልክ ዝግ ነው። ክሊኒኩ ጋ ደወለች፤ ሙዚቃ ብቻ። በሐሳቧ የዓይኑ ሰውዬ ነገ ጠግቦ ቁርሱን በላ፣ ሐኪሙ ማደንዘዣ ወጋው፣ ሰውዬው አልጋው ላይ ቀረ፣ ሰባት ልጆቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ የራሷ ልጅ ታሰረች። ሰባት መሆናቸውን ከየት እንዳመጣችው አይታወቅም። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ታክሲ ያዘች።

ክሊኒኩ የፕላስቲክ ወንበርና ዓሣ የሌለው የዓሣ ገንዳ ያለበት ነው። የስብሰባው ክፍል በሩ መስታወት ስለሆነ ልጇን ወዲያው አየቻት። ሊቁ ዓይኑን ጨፍኖ ያወራል። የክሊኒኩ ባለቤት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ዶክተር፣ እስክሪብቶ ይዛ ታዳምጣለች። ውሉ ፊቷ ተዘርግቷል። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን በትልቁ «የተላከ 61፣ ያልደረሰ 0» ይላል።

ወየው በመስታወቱ ጠቀሰቻት። ልጅቱ በዓይኗ «ሂጂ!» አለች። ወየው በሩን ከፍታ ገባች።

«እናታችን፣ ካርድ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው» አለ ሊቁ።

«ይተዋቸው» አለች ዶክተሯ። «ይቀመጡ እናቴ። ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ምኔንም። እናቷ ነኝ» አለች ወየው ወደ ልጇ እያመለከተች። «አንድ ጊዜ ብቻ ትውጣልኝ።»

«ስንጨርስ!» አለ ሊቁ።

ወየው ጥግ ላይ ተቀመጠች። ምላሷ እየበላት ዋጠችው። እዚህ ብትናገር ልጇ ያለ ሥራ ትቀራለች፤ ዝም ብትል ሰውዬው ቁርሱን ይበላል። በዓይኗ ልጇን ትለምናለች፤ ልጅቱ ደግሞ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«ስድሳ አንድ ተላከ፣ ስድሳ አንድ ደረሰ» አለ ሊቁ። «አሁን ደግሞ በዓይንዎ ይዩት። እርስዎን ታካሚ አድርጌ መዝግቤያለሁ። ስልክዎን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉልኝ።»

ዶክተሯ ስልኳን አስቀመጠች። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ሊቁ «ላክ» የሚለውን ተጫነ።

የዶክተሯ ስልክ ጭጭ አለ። የወየው ቦርሳ «ጢን» አለ።

«ኔትወርክ ነው» አለ ሊቁና ደገመው።

ጢን።

«በእርግጥ በዚህ ሰዓት መጨናነቅ...» ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነ።

ጢን።

አሁን ሁሉም የሚያየው ቦርሳውን ነው። ወየው ስልኳን አወጣች። «ውድ ዶክተር፣ ነገ 3፡00 የጥርስ ጽዳት ቀጠሮ አለዎት» ብላ ጮክ ብላ አነበበች። «ሦስት ጊዜ ነው የላከው፤ በጣም ቆሽሿል መሰለኝ።» ከዚያ አልቻለችም። «ስድሳ አንዱም እኔ ጋ ነው ያለው! የዓይኑን ሰውዬ ቁርስ እንዳይበላ የሚነግረው ማነው?»

ልጅቱ ክው አለች። ጣቶቿ ግን ቀደሟት፤ ሰርቨሩ ላይ ያለውን የሴቲንግ ፋይል ከፈተች። የሷ አሥራ አራት መስመር ነበር፤ እዚህ አሥራ ሦስት ነው። የጎደለችው «ሥራው እውነተኛ ነው» የምትለዋ ነች። እሷን ያጣው ድረ ገጽ ገና ሙከራ ላይ ነኝ ብሎ ሁሉንም ወደ እማዬ ልኳል።

«አንዲት መስመር እኮ ነች!» አለ ሊቁ። ፋይሉን ወደ ሰርቨሩ የገለበጠው እሱ ስለሆነ ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጠ።

ልጅቱ በሱ ላይ ማሳበብ ትችል ነበር። ወየውም ይህንኑ በልቧ ጸልያለች።

«መስመሯን ማንም ይዝለላት» አለች ልጅቱ። «ለድረ ገጹ፣ ካልተነገረህ ዝም ብለህ በሙከራ ቀጥል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእማዬን ቁጥርም ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ወየው!» አለች ወየው።

ዶክተሯ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ስንቶቹ ናቸው ነገ ቀዶ ሕክምና ያላቸው?»

ከሊቁ በፊት የካሬው ደብተር ተከፈተ። «አራት» አለች ወየው። «ከሥራቸው በቀይ አስምሬባቸዋለሁ።»

እንግዳ ተቀባይዋ ተጠርታ በደብተሩ እየተመራች ለአራቱም ደወለች። የ4417ቱ ሰውዬ «ነገ ነው እንዴ? እኔ ከነገ ወዲያ ብዬ ለነገ ጠዋት ቁርስ ተጋብዣለሁ!» አለ። ወየው «አላልኩም?» ብላ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው። ልጅቱ የጎደለችውን መስመር ሞልታ ድረ ገጹን አስነሳችና መልእክቶቹን መልሳ ላከች። የዶክተሯ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ዘለለ። የወየው ዝም አለ።

«ሌላ ቀን ሌላ መስመር ቢጎድልስ?» አለች ዶክተሯ።

ልጅቱ አሥር ደቂቃ ጠየቀች። ስትጨርስ ያችን መስመር ሆን ብላ አጠፋቻትና ድረ ገጹን እንደገና አስነሳች። ግድግዳው ቀይ ጽሑፍ ለበሰ። ሊቁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ተበላሸ?» አለች ዶክተሯ።

«አልተበላሸም፣ እምቢ ብሎ ነው። አንዲት ሴቲንግ ብትጎድለው አይነሳም። የጎደለችውን በስሟ ጠርቶ ይጮሃል።»

ዶክተሯ ቀዩን ጽሑፍ አየች፣ ከዚያ ወየውን አየች። «የማን ልጅ እንደሆነ ያስታውቃል» አለችና ፈረመች። ከፊርማዋ በታች፣ ሴቲንጉን ከልጅቱ በቀር ማንም እንዳይነካው ብላ በእጇ ጻፈችበት። ሊቁ ዓይኑን ጨፈነ።

በማግስቱ የወየው ስልክ ጠዋቱን ሙሉ ትንፍሽ ሳይል አረፈደ። አምስት ሰዓት ሲሆን አልቻለችም፤ ደወለች።

«ምን ሆናችሁ? አንድም መልእክት አልመጣም!»

«እንዳይመጣ ነዋ ያስተካከልኩት፣ እማ!»

«እሱማ ገብቶኛል። የዓይኑ ሰውዬስ?»

«በባዶ ሆዱ መጣ። አሁን ወጥቶ ተኝቷል። ደህና ነው።»

ወየው የካሬ ደብተሯን ሳበችና 4417 አጠገብ ምልክት አደረገች።

«ጥሩ» አለች። «ስድሳ ቀሩን። እሺ፣ የኩላሊቷስ?»