ፍርኖ ዱቄት

የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻው ዴክ ከእማማ ወርቅነሽ ቴሌቪዥን ጋር አልስማማ ብሎ ሮዳስ ገመዱን ሦስቴ ነቅላ ሰካች። አክስቷ ዕፀገነት መቀመጥ አቅቷት መስኮቱ ጋ ትቆማለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሳሪስ አቦ ዴኩን ታቅፋ በሚኒባስ ስትመጣ ያሰናዳችው ንግግር ደጃፉ ላይ ጠፍቶባታል።

የምትፈልገው እማማ ወርቅነሽ ተሳስቼ ነበር እንዲሏት ብቻ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ለልጃቸው ለገዳ በታጨች በሦስተኛ ወሯ፣ አንድ የቴሌቪዥን አስፈሪ ድራማ ላይ ከመቃብር የምትነሳ ሙት ሆና ተጫወተች። እማማ ወርቅነሽ አዩት። ጋኔን የለመዳትን ልጅ ቤቴ አላስገባም አሉ፤ ሽማግሌ ቢላክ፣ ቄስ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች! ገዳ ሌላ አገባ። እሷ አላገባችም፤ ዳግመኛም አልተጫወተች።

ባለፈው ሳምንት ሮዳስ ያን ጊዜ ከቴሌቪዥን የተቀዳውን ካሴት አግኝታ ስታየው በሳቅ ፍርስ አለች። ዕፀገነት በጣም ከፋት። ኋላ ግን፣ እኚያ ሴትም ይህን ጉድ ዛሬ ቢያዩት መሳቃቸው አይቀርም ብላ አሰበች፤ ከሳቁ ደግሞ አፋቸውን ሞልተው ይቅርታ ይጠይቋታል። ልጠይቅዎት ልምጣ ብላ ደወለች።

ምስሉ መጣ። በአየር ላይ የሚሄደው ወንበር የተንጠለጠለበት ክር ይታያል። የመቃብሩ ድንጋይ ካርቶን ስለሆነ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሮዳስ አፏን በመዳፏ አፈነች። ዕፀገነት ግን ዓይኗን ከአሮጊቷ ፊት አልነቀለችም። አንዴ እንኳ ፈገግ አላሉም።

ከዚያ ራሷ ብቅ አለች፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ፊቷ ነጭ በነጭ ሆኖ።

«ዱቄት እኮ ነው፣ እማማ። ፍርኖ ዱቄት ነው የቀቡኝ።»

የሰሟትም አይመስሉም። በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ፣ በሌላው የዕፀገነትን ክንድ ፈልገው ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ልጄ፣ ከአጠገቤ እንዳትሄጂ» አሉ። «ይቺ ሴትዮ እስከ ዛሬ በሕልሜ ትመጣብኛለች።»

ልጄ ብለዋት አያውቁም ነበር። የተሰማት ደስታም ነው፣ ቂምም ነው፣ የቱ እንደሚበልጥ እሷም አታውቅም። ሮዳስ መሳቋን ትታ ዝጊው በሚል ዓይን አየቻት። ሪሞቱ ዕፀገነት ጭን ላይ ነበር።

ዕፀገነት ወደ አሮጊቷ ተጠጋች፤ ትከሻቸውን አቀፈች። ፊልሙን ግን አልዘጋችውም።