አራተኛው ቋጠሮ

«በዚች በአንዲት ቋጠሮ ሳምንቱን አድርሼ ትራፊ ካላሳየኋችሁ እኔ የሙሉነሽ ልጅ አይደለሁም!»

ማርያማዊት ይህን ያለችው በለቀስተኛው መሀል ቆማ፣ የሟች እናቷን መቀነት እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ ነው። ንፍሮ የሚቆረጥሙት ሴቶች ንፍሯቸው አፋቸው ውስጥ ቀረ። በር ላይ ካርታ የያዙት ወንዶችም ማን ጣለ ማን አነሳ ጠፋባቸው።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ እትዬ ቦሰና፣ የአባቷ ታላቅ እህት። «እናቷ ከተቀበረች ሳምንት ያልሞላት ልጅ ገበያ ትውጣ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ የሚያወራው ወጡ የቀጠነ ዕለት ነው፣ እትዬ።»

አንዷ ለቀስተኛ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

ነገሩ የመጣው ከድስት ነው። ማክሰኞ ከቀብር መልስ ጀምሮ እስከ ሠልስቱ ድረስ ጎረቤቱ እየሠራ፣ እድሩም እያቀረበ ለቀስተኛው በልቷል። ሐሙስ ሠልስቱ ወጣ፤ ድንኳኑ ፈረሰ፤ አግዳሚው በጋሪ ተጭኖ ሄደ። ለቀስተኛው ግን የት ይሄዳል? የመርካቶው ሰባተኛ ሰፈር ለቅሶ ላይ ከተቀመጠ ቸኩሎ አይነሳም። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ማርያማዊት ድስቱን ስትከፍት የታያት የድስቱ ቂጥ ብቻ ነበር።

ያንኑ ቂጥ እትዬ ቦሰናም አዩት። ለቀብር ከደብረ ብርሃን ከመጡ ወዲህ እሳቸው ያላዩት የቤቱ ዕቃ የለም። ወዲያው ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ነገርኩህ እኮ ወርቁ። ይሄ ቤት ከእንግዲህ ሴት የለውም። ልጅቷን ይዣት ልሂድ፤ አንተም እዚያው መጋዘንህ አጠገብ ሆቴል ትበላለህ።»

አባቷ ወርቁ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል እንጂ እህቱ ስትመጣ ድምፅ የለውም። መሬት መሬት አየ።

ማርያማዊትን ከመቀመጫዋ ያፈናጠራት «ሴት የለውም» የሚለው ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ፣ ስምንተኛ ክፍል። ታዲያ እኔ ምንድነኝ፣ በርጩማ? ይሄን ቤት ዘግተው፣ ከትምህርት ቤቷ ነቅለው፣ እናቷ በተራመደችበት መንገድ እንዳትራመድ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሊያሰጧት? መቀነቱን ያነሳችው ያኔ ነው።

«እሺ» አሉ እትዬ ቦሰና፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «ወሩ ሊያልቅ ሰባት ቀን አለው። በመቶ ብር፣ በዚህ ኑሮ፣ ለቀስተኛው ጭምር? ሂጂና ገዝተሽ ነይ። እኔም ቤት ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ፤ ያመጣሽውን ሳየው ያደርስ አያደርስ አውቃለሁ። ካደረሰ መንገዴን እሄዳለሁ። ካላደረሰ ግን ልብስሽን ትሰበስቢያለሽ።»

«ተስማምተናል!»

ዘምቢሏን አንጠልጥላ ወጣች። ከኋላዋ የሴቶቹን ሹክሹክታ ሰማችው።

«እስካሁን አላለቀሰችም እኮ።»

«ደንግጣ ይሆናል፤ ልጅ አይደለች።»

አልደነገጠችም። ሒሳብ ላይ ነበረች።

መቀነቱ ላይ የቀረው አንድ ቋጠሮ ነው፤ መቶ ብር ያለበት አራተኛው። ሙሉነሽ በየወሩ ወርቁ ደሞዙን ባመጣ ዕለት፣ ስትጠግን በዋለችው የጆንያ ክምር ላይ ትቀመጥና የአስቤዛውን ብር አራት ቦታ ትከፍለዋለች። ጤፉና የቤት ኪራዩ የአባቷ ጉዳይ ነው፤ መቀነቱ የሽንኩርቱ፣ የዘይቱ፣ የበርበሬው ነው። እያንዳንዱን ድርሻ መቀነቱ ላይ ትቋጥረዋለች፤ በጥርሷ ትስበዋለች፤ ወገቧ ላይ ትታጠቀዋለች። ከዚያ በኋላ ቋጠሮው የሚፈታው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ንጉሥ ቢመጣ ሽሮ በልቶ ይሄዳል።

ማርያማዊት አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ፣ «እማዬ፣ የፓስቲ አንድ ብር ስጪኝ፤ ሽታው ገደለኝ» ብላ ነበር።

እናቷ ከምትሰፋው ጆንያ ቀና ሳትል፣ «ቅዳሜ ና በይው» አለቻት።

አራት ቅዳሜ፣ አራት ቋጠሮ። በዚህ ወር ሦስቱን እናቷ ራሷ ፈታች። ሰኞ ልቧ ቆመ። ሬሳውን ያጠቡት የጎረቤት አሮጊት እትዬ ሠርኬ መቀነቱን ከወገቧ ፈተው፣ «ያንቺ ነው» ብለው ለልጅቷ ሰጧት። ያን ጊዜም አላለቀሰችም። ቋጠሮውን በጣቷ ዳበሰችና ቅዳሜ እስኪደርስ ጠበቀች።

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጀምሮ መንገዱ ራሱ ያከበራት መሰላት። ሌላ ቀን «ዞር በይ አንቺ!» እያለ ሰው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚወጣው ባለጋሪ ሁሉ፣ ዛሬ እሷ ዘንድ ሲደርስ ጋሪውን አጥፎ ዞሯት ሄደ። «ፒያሳ! ፒያሳ!» የሚለው ወያላም እጇን ለመጎተት ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። አወቁኝ ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ቤት አስተዳዳሪ ከአረማመዱ ያስታውቃል።

አትክልት ተራ ጋሼ ጁነዲን ሽንኩርትና ድንች ተራራ መሀል ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው ከእናቷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተዋግተዋል። ጦርነቱን ማርያማዊት በቃሏ ታውቀዋለች።

«ስንት ነው ዛሬ?» ትላለች ሙሉነሽ።

«ሰባት።»

«ዓይንህን አታሸውም? አራት!»

«በአራት ብር ልጣጩን ልስጥሽ?»

«ልጣጩንማ ከላይ አልብሰህ በሰባት እየሸጥከው ነው!»

ግማሽ ሰዓት እንዲህ ነው። ማርያማዊት በኀፍረት ጆንያ ኋላ ትደበቃለች። በመጨረሻ እናቷ ፌስታሏን አንጠልጥላ፣ ደረቷን ነፍታ ትመጣለች። «ዛሬም አሸነፍኩት!»

ዛሬ ተዋጊዋ ማርያማዊት ናት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ስንት ነው ሽንኩርቱ፣ ጋሼ ጁነዲን?»

ጋሼ ጁነዲን አዩዋት። ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት።

«ስንት ልትሰጪ ነው?»

«አራት! ድንቹን ደግሞ በሁለት! አለቀ!» አለች፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። ለክርክሩ ሦስት ስድብ አዘጋጅታ ነበር፤ አንደኛው ስለ ጢማቸው ነው።

«ይሁን» አሉ።

«ምን?»

«ይሁን አልኩሽ። ዘምቢሉን ክፈችው።»

ስድቦቹ አፏ ላይ ሟሙ። ሰውዬው አምስት ኪሎ ሽንኩርት፣ አምስት ኪሎ ድንች መዘኑ፤ ሚዛኑን ግን አላዩትም። ሽንኩርቱን ከፊት ለፊቱ ክምር ሳይሆን ከኋላ፣ ለሆቴል ከተለየው ጆንያ ነው ያነሱት። በሁለት እጃቸው አንዴ አፍሰው ጨመሩ። ደግመው አፍሰው ጨመሩ። ሠላሳ ብሩን ሲቀበሉ ፊታቸውን አዙረው፣ ንጹሑን ሚዛን በጨርቅ መወልወል ያዙ።

ቃል አጡ! ማርያማዊት ከዚያ እስክትርቅ ድረስ ሳቋን ዋጠችው። እናቷ በግማሽ ሰዓት የምታደርገውን እሷ በአንድ ቃል!

እንዲያውም እናቷ በጀት ላይ አንዳንዴ ትሳሳት ነበር፤ ሙት ወቃሽ አያድርጋት እንጂ። አምና የጋሼ ጁነዲን ሚስት የሞቱ ጊዜ፣ ሙሉነሽ ከሁለተኛው ቋጠሮ ላይ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዝታ ለቅሶ ሄደች።

«እማዬ፣ አስቤዛው!» አለች ማርያማዊት፣ ጮኻ።

«ይሄም አስቤዛ ነው።»

በዚያ ሳምንት ሰባት ቀን ሽሮ በሉ። በሰባተኛው ቀን ሽሮው ራሱ እነሱ የሰለቹት ይመስል ነበር። እኔ ብሆን ስኳሩን አልገዛም፣ አለች ማርያማዊት አሁን፣ ዘምቢሉን ከቀኝ ወደ ግራ እያዞረች።

ወደ መርካቶ ተመልሳ በርበሬ ተራ ገባች። በርበሬ ሻጯ ማሂራ እንደ ወትሮው በርበሬ ለብሳ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ቀልቶ ተቀምጣለች። በርበሬውና ሽሮው ሠላሳ አምስት ብር ሆነ። ማርያማዊት ሃምሳ ብር ሰጠች። አሥራ አምስት መመለስ ያለባት ማሂራ፣ ሠላሳ አምስት ብር ቆጥራ እጇ ላይ አኖረችና፣ ጣቶቿን በራሷ ጣቶች አጥፋ ዘጋችላት። ቶሎም አልለቀቀቻትም።

ማርያማዊት ብሩን ቆጠረችው። ተሳስታለች! የዕቃውን ዋጋ መልስ አድርጋ ሰጠችኝ! ልንገራት? አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች። ስህተቱ የሷ ነው፣ ሒሳብ ትማርበታለች፣ አለችና ዘይቷን ገዝታ እየሮጠች ወደ ቤት።

በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። ዘምቢሉን እለቀስተኛው መሀል ዘረገፈችው። ሽንኩርቱ ተንከባሎ ካርታ ከያዙት ወንዶች እግር ሥር ደረሰ። እትዬ ቦሰና ተጎንብሰው ሁሉንም አገላበጡ፤ በርበሬውን በምላሳቸው ቀመሱ፤ ዘይቱን ብርሃን ላይ አዩ፤ ድንቹን በእጃቸው አንስተው መዘኑ።

«ይሄ ሁሉ በመቶ ብር?»

«በመቶ ብር ማን አለ?» ማርያማዊት ሠላሳ ሦስት ብር ከጉያዋ አወጣችና አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። «ይሄ ደግሞ ትራፊው።»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሰው አቆሙ። ከበሩ አካባቢ ግን አንድ ድምፅ አልቆመም። ወርቁ ነው፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ከሰኞ ወዲህ ጥርሱ ሲታይ የመጀመሪያው ነው።

«የሙሉነሽ ልጅ!» አለ። «እህቴ፣ ቤቱ ሴት አለው።»

እትዬ ቦሰና ከአንድ ሽንኩርት ጋር ተፋጠው ቆዩ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።

«ሐቅ ነው፤ ያደርሳል» አሉ። «ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። መቀነቱንም ታጠቂው፣ ይገባሻል።»

ማርያማዊት መቀነቱን ወገቧ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመች። ቁመቷ በአንድ ስንዝር የጨመረ መሰላት። ታሪኩን ከድልድዩ ጀምራ አወራችላቸው፤ ባለጋሪው እንዴት እንደዞራት፣ ጋሼ ጁነዲን እንዴት ቃል እንዳጡ፣ ማሂራ እንኳ እሷን ስታይ እንዴት ሒሳቡ እንደጠፋባት። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቆይተው ሳቃቸውን ሰበሰቡ። እርስ በርስ ተያዩ።

እትዬ ሠርኬ ጥግ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ለብሰሽ ነው የሄድሽው?»

«ያው... ነጠላዬን ነዋ።»

«እስቲ እዪው።»

ማርያማዊት አየችው። ነጠላው እንደተዘቀዘቀ ነው። ማክሰኞ ከቀብር በፊት እትዬ ሠርኬ ራሳቸው ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው፣ የሐዘንተኛ አድርገው አልብሰዋታል። አምስት ቀን ሙሉ አላወለቀችውም። በድልድዩም፣ በአትክልት ተራም፣ በበርበሬ ተራም የሄደችው ጥለቱን ፊቷ ላይ ይዛ ነው።

«ማክሰኞ እኔ ነኝ ለጁነዲንም ለማሂራም የነገርኳቸው» አሉ እትዬ ሠርኬ። «መኪና እየተራገፈ ሱቅ ጥለው መምጣት አልቻሉም። አንቺ እዚያ ቆመሽ ዋጋ ታስቆርጫለሽ፤ እነሱ ለቅሶ እየደረሱሽ ነው።»

ማርያማዊት በሚዛኑ ላይ ያልተመዘነውን እፍኝ አሰበች። ጣቶቿን አጥፎ የዘጋውን ቀይ እጅ አሰበች፤ ቶሎ ያልለቀቃትን። ሁለት ኪሎ ስኳሩን አሰበች።

እጇ ነጠላውን ሊያቃና ወደ ትከሻዋ ሄደ፤ እንደገና ተወው። ሠላሳ ሦስቱን ብር ከጠረጴዛው ለቀመችና መቀነቱ ጫፍ ላይ አደረገችው። ቋጠረችው። በጥርሷ ይዛ ሳበችው። ጨርቁ ጆንያ ጆንያ፣ እናቷን እናቷን ሸተታት። አፏን ከዚያ ማንሳት አቃታት፤ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ቦሰና ሊያቅፏት ሲነሱ፣ እትዬ ሠርኬ በእጃቸው ያዟቸው።

ብዙ ቆይታ ቀና አለች። አፍንጫዋን ጠረገች። አገጯ ግን አሁንም ወደ ላይ ነው።

«ቢሆንም» አለች፣ «የሚመጣው ወርም ከጋሼ ጁነዲን በአራት ብር ነው የምገዛው። እንደ እማዬ።»

እትዬ ሠርኬ ቢላዋቸውን አነሱ።

«በሰባት ነው የምትገዢው። እናትሽም አሥራ አንድ ዓመት እሱ በጠራው ነው የገዛችው፤ ስትጮህ የነበረው መጨረሻ ላይ ለሚመርቅላት ለአንዷ ራስ ሽንኩርት ነው። ነይ አሁን ላጪ።»