ለኮሎኔሉ የሚሆን ክፍል

«አበባ ያለበት ጨርቅ እንዳይሆን» አለኝ የጎረቤቴ የእማማ አማች፣ የመስኮቱን ልክ መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎ መጥቶ።

«እንዴ፣ እሳቸው እኮ አበባ ነው የሚወዱት።»

«እትዬ፣ ወታደር ናቸው እኮ።»

ሳቅሁ። በአማቱ የሚቀልድ መስሎኝ ነው። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሥሪያ ቤት ታይፒስት የነበሩ፣ ወገባቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክለው የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው፤ ወታደር ቢላቸው አልተሳሳተም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ይህ ሰው ቤቱ ውስጥ አምፖል ሲቃጠል ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ የሚጠብቅ ሰው ነው። የአማቱ መጋረጃ መንጣቱን አይቶ ልብስ ሰፊ ቤት ድረስ መምጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ መረቅሁት። ከዚያ ስስ ጨርቅ አወጣሁለት፤ የጠዋት ፀሐይ ለጉልበታቸው መድኃኒት ስለሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን አልኩት። እሱ ደግሞ ወፍራሙን እየዳበሰ፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ካረፈች እንዴት ይሠራሉ ይለኛል። የምን ስክሪን ስለው፣ የሥራ ነዋ አለኝ። በዚህ ዕድሜያቸው ምን ሥራ አመጣህባቸው ብዬ ተቆጣሁ። ዕድሜያቸውን በምን አወቅሽ ብሎ እሱም ግራ ተጋባ። እንዲህ እየተባባልን ጨርቁን በግማሽ ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም።

«ቆይ» አልኩት መቀሴን አስቀምጬ። «የማንን መስኮት ነው የምንለካው?»

«የእማማን ክፍል። ግን ለእማማ አይደለም።» በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለኮሎኔሉ ነው።»

ክው አልኩ። ኮሎኔሉን አውቃቸዋለሁና። በዚያች ደቂቃ ከጀርባዬ፣ ከመጋረጃ በስተኋላ ባለችው የልብስ መተኮሻ ክፍሌ ውስጥ፣ መነጽራቸውን አድርገው ታብሌቴ ላይ አቀርቅረዋል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የዚህ ሰው ሥራ ጌም መሥራት ነው። ሚስቱ፣ የእማማ ልጅ፣ ነርስ ናት፤ ቤቱን የምታቆመው እሷ ናት። እሱ ቤት ቁጭ ብሎ መንደር ይመሠርታል፤ ጎተራ ይሞላል፣ ምሽግ ይሠራል፣ ጠላት ሲመጣ ይከላከላል፣ ይህ ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ጌሙ ገና ጥሬ እያለ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እየዞረ፣ ሞክሩልኝና የማይመቻችሁን ነገር ጻፉልኝ ብሎ ለመነ። ዳቦ ጋጋሪው ስልክ ላይ ጫነለት፣ ፀጉር አስተካካዩ ስልክ ላይ ጫነለት፣ እኔ የልብስ ፋሽን የማሳይበት ታብሌት ላይ ጫነልኝ። እነሱ በማግስቱ አጠፉት። እኔ ማጥፋቱን አላውቅበትም ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ዘለለ። እማማ እዚያው ሳሎን ተቀምጠው እኔስ ቢሉት፣ እማማ እርስዎን ይከብድዎታል ብሎ ትራስ አቀበላቸው።

እማማ ያን ዕለት የቀሚስ ጠርዝ ላሳጥር ብለው እኔ ዘንድ መጡ። ጠርዙ ምንም አልነበረበትም። ታብሌቱን አንስተው ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲያ አልተዉትም።

ጌሙ ላይ አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ጥሩ ሐሳብ ያቀረበ ተጫዋች ማዕረግ ይሰጠዋል፤ ከተራ ወታደር ይነሳና ሐሳቡ ተቀባይነት ባገኘ ቁጥር ይሾማል። እማማ «ዝምታ» በሚል ስም ገቡ። የመጀመሪያ ሐሳባቸው ስለ ጎተራው ነበር። ጎተራው ቀይ መብራት የሚያሳየው እህሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ካለቀማ ሰዎቹ ራሳቸው ይጮሃሉ፣ መብራቱ ምን ይሠራል? ሊጎድል ሲል ይናገር ብለው ጻፉ። እኔ ሳነበው የታየኝ ጎተራ አልነበረም፤ በዚያው ሳምንት አማችየው ሩዝ ጥዶ እሳቱ ድርግም ሲልበት ጋዝ የሚባል ነገር እንደሚያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀ ይመስል የቆመበት አኳኋን ነው የታየኝ።

ሁለተኛው ስለ ሠራተኞቹ ነው። አጥር የሚያጥር ሠራተኛ ውኃ ቅዳ ሲባል አጥሩን ትቶ ይሄዳል፤ ውኃውን ከቀዳ በኋላ እዚያው ይገተራል። ወደ ጀመረው ሥራ ራሱ እንዲመለስ ይደረግ አሉ። የቤታቸው መታጠቢያ ክፍል ቧንቧ ግማሹ ተፈትቶ፣ መፍቻው ሥሩ ተጋድሞ ስንት ጊዜ እንደቆየ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። ሦስተኛው፣ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ሰው ፈልጎ የሚያሳይ ቁልፍ ይጨመር የሚል ነበር። ይህንን ሲጽፉ ፈገግም አላሉ፤ እኔ ግን መርፌ አፌ ውስጥ እንዳለ ስቄ ልውጠው ነበር።

አማችየው ሁሉንም ሠራው፤ እያንዳንዱንም እያመሰገነ። የተጫዋቾቹ ቁጥር ጨመረ። በተለይ ያቺን ሥራ ፈት ፈላጊ ቁልፍ ሰው ሁሉ ወደዳት። ፊደሉ ለንስር ዓይን ነው ወይ የተጻፈው ሲሉት አተለቀው። የማፍረሻውና የመገንቢያው ቁልፍ ጎን ለጎን ስለሆኑ ወፍጮ ቤቴን በስህተት አፈረስኩ፣ ታይፕ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ አቀማመጥ የለም ሲሉት፣ አራራቃቸው። እንዲህ እየተባለ እማማ ተሹመው ተሹመው ኮሎኔል ሆኑ። ከእሳቸው በላይ ያለው ጄኔራሉ ብቻ ነው፤ እሱም አማችየው ነው።

ለምን ራስዎ እንደሆኑ አይነግሩትም ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ስናገር አይሰማኝም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከታብሌቱ ሳያነሱ። «ስጽፍ ያመሰግነኛል። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጪ ነበር?»

ወደ መጋረጃው ልመለስ። አማችየው ያወራልኛል፤ ኮሎኔሉ በሕይወቱ ያላየው ጭንቅላት ነው፣ ጡረታ የወጣ ታላቅ መኮንን መሆን አለበት፣ ሌላ ድርጅት ሳይነጥቀው እዚህ አምጥቶ አብሮት ማሠራት ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ብርሃን ያለው። እማማ ወደ ታላቅ ልጃቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ለእሳቸውም ለውጥ ነው አለኝ። ታላቅ ልጃቸው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ ሊፍት የለም። ነግረሃቸዋል ወይ አልኩት። ገና ነው አለ። ለሚስትህስ? ደስ ያላት ቀን እጠብቃለሁ አለኝ። በማታ ተረኝነት የምታድር ነርስ ደስ የሚላትን ቀን ሲጠብቅ ኮሎኔሉ ራሱ ጡረታው ሊያልቅበት ነው።

ሲወጣ የመተኮሻ ክፍሉን መጋረጃ ገለጥኩ። እማማ ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። ሁሉን ሰምተዋል። ቆጣ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጉልበታቸውን አሻሹት።

«እዚያ ፎቅ ላይ ከወጣሁ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የምወርደው በሰው ትከሻ ነው።»

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው መነጽራቸውን ጠርገው ታብሌቱን መልሰው አነሱ። የጻፉትን አነበብኩት። ምሽግ ሲሰፋ የነዋሪዎች ቤት ይፈርሳል፤ ሰዎቹ የት እንደሚሄዱ ጌሙ አይናገርም፣ መንደሩም ምንም አይጎድልበትም። በእውነቱ ዓለም እንዲህ አይሆንም። አንድ ሰው፣ በተለይ አንድ አሮጊት፣ ከቦታዋ ስትነሳ ምን ምን አብሮ እንደሚነሳ ጄኔራሉ ቢያስቡበት።

አሁን ይገባዋል ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጄኔራሉ አሰቡበት። ከቤት ሳይወጣ ሰነበተና፣ ዓይኑ ቀልቶ ፂሙ አድጎ እየሮጠ መጣ። ሠርቶታል። ለሙከራ አንዲት አሮጊት ከመንደሩ አስወጥቶ ነበር። በቀጣዩ ክረምት ዘር የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ጠፋ። ልጆች የሚጠብቅ ስለጠፋ እናቶች እርሻ መውጣት ተዉ። ለካ በር ላይ ተቀምጣ ሌባ የምታባርረው አሮጊቷ ኖራለች። መንደሩ አንድ ቀስት ሳይወረወርበት ፈረሰ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ታዲያ ከዚህ ምን ተማርክ?» አልኩት፣ ልቤ ተንጠልጥሎ።

«ኮሎኔሉን ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ መቅጠር እንዳለብኝ።»

ከዚያ መጋረጃው ለእሁድ ይደርሳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኮሎኔሉን እሁድ ከሰዓት ክፍሉን መጥተው እንዲያዩ ጋብዟቸዋል፤ እሳቸውም በአንድ መስመር፣ እመጣለሁ ብለው መልሰዋል።

እማማን በዚያ ማታ፣ አሁንስ ይብቃ፣ እኔ እነግረዋለሁ አልኳቸው። ተዪው አሉኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ያሉትን ሁሉ ይሠራል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሽቦው አልተገናኘም አሉ። ለልጃቸው ነግረው ቢያስከለክሉት እኮ ጉዳዩ በአንድ ጀንበር ያልቅ ነበር። ግን በልጃቸው ትዳር መሀል ገብተው ክፍል ማትረፍ አልፈለጉም። እሱ ራሱ ካላየው ዛሬ ቢቀር ነገ ሌላ ኮሎኔል ያመጣል አሉ።

እሁድ ደረሰ። አማችየው ሳሎኑን ጠርጎ፣ ያን መፍቻ ሳይቀር ከመታጠቢያ ክፍሉ አንስቶ ሶፋ ሥር ደብቆታል። ሚስቱ ከሥራ ገብታ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ የሥራ እንግዳ ይመጣል ከመባሉ በቀር የምታውቀው የለም። እማማን ደግሞ በትሕትና፣ ለትንሽ ጊዜ እትዬ ዘንድ ቢጫወቱ ምን ይመስልዎታል ብሏቸው፣ እሺ ብለው እኔ ዘንድ መጡ።

እኔ ዘንድ መጥተው ምን አደረጉ? የተኮስኩላቸውን ጥቁር ካፖርት ለበሱ። የድሮ የመሥሪያ ቤት ጫማቸውን አጠለቁ። ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አስያዙ። ከዚያ በጓሮ በር እንደ ልማዳቸው መግባት ሲችሉ በመንገዱ ዞረው ወደ ዋናው በር አመሩ። እኔም መጋረጃውን እንደማደርስ ሆኜ ተከተልኳቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢያመልጠኝ ራሴን ይቅር አልልም ነበር።

ደወሉን ደወሉ። አማችየው ክራቫት አስሮ በሩን ከፈተ። አማቱን አየ፤ ከዚያ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ መንገዱን አየ።

እማማ፣ የረሱት ነገር አለ እንዴ፣ እንግዳው አሁኑኑ ይደርሳሉ ብሎ ተንሾካሾከ።

«ደርሻለሁ» አሉት እማማ። «ትናንት ድልድዩን አይንኩት ብዬዎት ነበር፤ ነካክተውታል። ፈረሰኞቹ ውኃ ውስጥ እየገቡ ነው።»

ስለዚያ የጌሙ ድልድይ የሚያውቁት እሱና ኮሎኔሉ ብቻ ናቸው። የዚህን ሰው ፊት ብታዩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ባለበት ቀረ፣ ከዚያ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ላይ ቀላ። ክራቫቱን ሊያላላ ሲሞክር አጠበቀው። ሚስቱ ከሶፋው ተነስታ እናቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና፣ ምን ጉድ ነው፣ የት ልትሄጂ ነው እንዲህ የለበስሽው አለች።

እማማ አልመለሱላትም። እንግዳ ናቸዋ። ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ጠርገው ገቡ፤ አማችየው ከመንገዳቸው ገለል አለ፣ እጁም ሳያውቀው ወደ ክፍሉ አመለከተ፤ እንግዳ ሲመጣ እንዲህ አደርጋለሁ ብሎ ሲለማመድ ሰንብቶ ነው መሰለኝ። እኛም ተከተልን። የራሳቸውን ክፍል እንደ ባዳ ቤት ቆመው አዩት። ቁም ሳጥኑን ከፍተው ዘጉ። አልጋውን በመዳፋቸው ተጭነው ፍራሹን መዘኑት። መስኮቱን ከፈት አድርገው ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ጠየቁት፤ እሱም በጣቱ እያሳየ፣ ጠዋት በዚህ በኩል አለ።

ሚስቱ ነገሩ ቀስ በቀስ እየገባት መሆኑን ከአተነፋፈሷ አወቅሁ። ክፍሉን ማን ነው የሚያየው፣ ለምን ነው የሚያየው ብላ ጠየቀች። አማችየው የመስኮቱን እጀታ ይዞ ወደ እማማ ዞረ።

«እማማ...» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ። «ማለቴ... ኮሎኔል... ክፍሉን እንዴት አገኙት?»

እማማ የካፖርታቸውን ቁልፍ እየፈቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ወድጄዋለሁ» አሉ። «አማትዎ የሚለቁት መቼ ነው?»