እጁ የታሰረው ዳኛ

ኃይለ ሥላሴ ይሙት፣ ይኼ ታሪክ የውሸት ቅንጣት የለበትም!

ጠናን ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና ሁለት ወንድሞቹ በመጫኛ ጠፍረው አመጡት። አረቄ ቤት ቢዘጉበት በሩን ከነመቃኑ ነቅሎ፣ ተሸክሞት አዲሎ ከተማ ድረስ የሄደ ሰው ነው። ያመጡበት የእትዬ ጣቢታ ግቢ ግን መዝጊያ አልነበረውም። ባላቸውን መጠጥ ከነጠቃቸው ወዲህ ቤታቸውን ለመጠጥ ምርኮኞች ሲከፍቱ ዘበኛ አልቀጠሩም፤ እዚያ ሰውን የሚጠብቀው ሰው ነው። አብረው ይቆፍራሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ ጥፋት ቢገኝም በሹክሹክታ ሳይሆን ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። አዲስ ገቢን የሚፈታው ደግሞ ሳይቀምስ ብዙ የቆየው ነው።

የዛሬው ፈቺ ዋለ የሚባለው ነበር። ጉንጩ ውስጥ የመጠጥ ሽታ እንዲሸፍንለት ጤና አዳም ወትፏል። ትናንት ለጨው ተልኮ ገበያ ዳር አንዲት መለኪያ ቀመሰ፤ አንዷ ሌላዋን ጠራች። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ቢናገር ግን ሊያባርሩት ይችላሉ፤ ከዚህ ግቢ ሌላ ማደሪያ የለውም፤ ሚስቱ ሙሉመቤትም የምትታረቀው «ዋለ ድኗል» ሲባል ነው።

«ምን ያስፈራሃል? ቋጠሮ እንጂ እባብ አይደለም!» አለው አፈ ሹሉ ፋንታዬ።

ዋለ ተንበረከከ። የጠና የእጅ አንጓ ተልጦ ቀልቷል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቅጠሉን ተፋው።

«እኔ ልፈታህ አልችልም። ትናንት ጠጥቻለሁ።»



«እኔ ደግሞ ሆዱን ቆርጦት መስሎኝ!» አለ ፋንታዬ ቅጠሉን እያየ፣ ግን ማንም አልሳቀም።

እትዬ ጣቢታ ፍርድ አልሰጡም። በዚያ ግቢ መጀመሪያ የሚናገረው መጨረሻ የመጣው ነው። ወደ ጠና ዞሩ።

«አንተ ምን ትላለህ፣ ልጄ? ይቆይ ወይስ ይሂድ?»

«እኔ? እጄ ታስሮ?»

«አፍህ አልታሰረም።»

ጠና ዋለን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ወንድሞቼ ‹እዚያ ያሉት የዳኑ ናቸው› ሲሉኝ ፈርቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼን ካባረራችሁት እኔም ከነመጫኛዬ እመለሳለሁ። እሱ ይፍታኝ።»

ፋንታዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይፍታው» አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ «ይፍታው» አሉ። ዋለም ቋጠሮውን በአንድ ጊዜ ስቦ በተነው።

እሺ፣ «በአንድ ጊዜ» ያልኩት የኔ ጭማሪ ነው። ወንድሞቹ ክፉኛ ቋጥረውታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱ ግንባር ለግንባር ገጥመው፣ አንዱ በጥፍሩ፣ አንዱ በጥርሱ፣ ገና እየታገሉት ነበር።