ከሰባት ቤት በላይ

ሽማግሌዎቹ ከዳንግላ ወደ ቆሰበር የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጄን እንቁን ለይሄይስ ሊጠይቁ ነው። ዘሩን ቀደም ብለን ቆጥረናል፤ እስከ ሰባት ቤት አይገናኙም። የቀረው ቀን መቁረጥ ነበር።

ሊነሱ ሲሉ አንዱ፣ "ልጅቷ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ትመላለሳለች ሲሉ ሰማን። ምን አግኝቷት ነው?" አለኝ።

መዋሸት አልወድም። ሐኪሟ የነገረችኝን እንደያዝኩት ተናገርኩ።

"ሉፐስ ይሉታል። ሰውነቷ ራሱን ይወጋል። መነሻው በደሟ ያለ ቫይረስ ነው።"

ጠላውን አንዱም መልሶ አላነሳው። "እንግዲህ እንመካከር" ብለው ወጡ።

እንቁ ከጓዳ ብቅ አለች።

"አባ፣ ምን አሏቸው?"

"የተባልኩትን።"

"በደሟ ቫይረስ አለ አሉ?"

"አዎ።"

"በቃ፣ ኤች አይ ቪ አለባት ብለው ሸኟቸው! እዚህ አገር ሰው በደም ያለ ቫይረስ ሲባል የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው።"

ይህን አላሰብኩትም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቃሉን ሰምቼ ያዝኩት እንጂ ሌላው ሰው ምን ብሎ እንደሚሰማው አልመዘንኩም።

እሑድ ይሄይስ ስልክ አላነሳም። ሰኞም አላነሳም። እንቁ አላለቀሰችም፤ ስልኩን ግን ከእጇ አላወጣችውም። ማክሰኞ ለሐኪሟ ለሕይወት ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችልኝ።

"አባባ፣ እኔ ያልኩዎት ሌላ ነው" አለች ሕይወት። "ዘመን በማይቆጠርለት ጊዜ የጥንት አባቶቻችንን የያዙ ቫይረሶች ነበሩ። ቁርጥራጫቸው ከአባቶቻችን ዘር ጋር ተቀላቅሎ ቀረ። ከወላጅ ወደ ልጅ እየወረደ እኛ ጋ ደረሰ። እኔም ውስጥ አለ፣ እርስዎም ውስጥ አለ። አብዛኛው የሞተ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። አንዳንዱ ሲነቃ ግን ሰውነት አዲስ ጠላት የመጣ መስሎት ራሱን ይወጋ ይሆናል ብለው የሚያጠኑ አሉ። ይሆናል ነው ያልኩት። ገና አልተረጋገጠም።"

"ይሆናል የሚለውን ቃል እኔ ነኝ የጣልኩት" አልኩ።

"የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤቷ ነፃ ነው። ወረቀቱን ያሳዩዋቸው።"

እንቁ ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ወዲያው ግን እጄን ያዘችኝ።

"ይህን ብቻ አሳይተው እንዳይመለሱ። ያለብኝንም ይንገሯቸው።"

"ቢተዉሽስ?"

"ይተዉኛ!" አለች። ፊቷን ግን አዞረች።

ረቡዕ በሚኒባስ ዳንግላ ገባሁ፤ ከመናኸሪያው በጋሪ የይሄይስ አባት የሽመክት ቤት ደረስኩ። "ይግቡ" አለኝ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ። ሚስቱ ማናለብሽ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ሥር ተቀምጣለች። ወረቀቱን ሰጠሁት። ፊቱንም ጀርባውንም አየው።

"ታዲያ ሽማግሌዎቹ የሰሙት ቫይረስ የቱ ነው?"

"የጥንቱ ነው። እኔም ውስጥ አለ፤ እርስዎም ውስጥ አለ።"

አሁን ብድግ አለ። "ቤቴ ድረስ መጥተው ይሰድቡኛል?"

"ስድብ አይደለም። ሁላችንም ከጥንት አባቶች የወረስነው ነው።"

ተቀመጠ። በጣቶቹ መቁጠር ጀመረና አቆመ። "አንድ አባት ካወረሰንማ ዘመዳሞች ነን። እንዴት ሊጋቡ ነው?"

"ከሰባት ቤት በላይ ነው።"

"ስንት ቤት?"

"ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም።"

"ቆጣሪ ከሌለውማ ማን ይከለክላቸዋል!" ብሎ ሳቀ።

እዚያ ላይ ተነስቼ መሄድ እችል ነበር። ሳቁም፣ ወረቀቱም በቂ ነበር። አልተነሳሁም።

"የቀረ አለ" አልኩ። "በሽታው እስከ መጨረሻው አይለቅም። መድኃኒት ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። ፀሐይ አይስማማትም። በሐኪም ክትትል ልትወልድ ትችላለች፤ አስቀድማ ግን መማከር አለባት። ጠዋት ጣቶቿ አንታጠፍ የሚሉበት ቀን አለ።"

የሽመክት ሳቅ ጠፋ። ማናለብሽ ግን ቀና አለች።

"ጠዋት ነው ያሉት?"

"ጠዋት።"

"ሲረፍድ ላላ ይላል?"

"ይላል።"

እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች። አንጓዎቿ አብጠዋል፤ ጣቶቿ ወደ ጎን ዘመዋል።

"ከያዘኝ ዐሥራ አንድ ዓመቴ" አለች።

"አንድ ዓይነት ይሁን አይሁን አላውቅም" አልኳት። "ሐኪም ነው የሚያውቀው።"

ሽመክት የሚስቱን እጆች አፍጥጦ አየ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር። ብርድ ነው አልከኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ልጅዎ መቼ ነው ባሕር ዳር የምትሄደው?"

"የፊታችን ማክሰኞ።"

ሽመክት ወደ ጓሮው ተጣራ። ይሄይስ ባጃጁን ሲያጥብ ኖሮ እጁ እንደራሰ መጣ። እኔን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

"ማክሰኞ ባጃጁን አቁመው" አለው አባቱ። "እናትህንና እጮኛህን ባሕር ዳር ታደርሳለህ።"